የሚሽከረከር የወንበር ዥዋዥዌ አነዳደፍ፦ ከሰንሰለቱ ማዕዘን እስከ ምሰሶው ብየዳ

የመዝናኛ ፓርክ ማሽኖችን መንደፍ መማር ለሚፈልግ ሰው ከወንበር ዥዋዥዌ የተሻለ መነሻ አላውቅም። መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ይቆማል። አናቱ ላይ ክብ ፍሬም ይዞራል። ከፍሬሙ በሰንሰለት የተንጠለጠሉት ወንበሮች ወደ ውጭ ተከፍተው ይበራሉ። ፊዚክሱ በአንድ ገጽ ያልቃል። ሜካኒካል ሥራው ግን ብዙ ነገር ይጠይቃል።

ጀማሪ ዲዛይነር አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ማሽኑ ሰው ሞልቶ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር ስለሚሆነው ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ሌሎች ሁለት ሁኔታዎች ናቸው። አንዱ ሰው በአንድ ወገን ብቻ ሲቀመጥ ነው። ሌላው ማሽኑ ሲነሳና ሲቆም ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደነዚህ ሁለት ጉዳዮች ይመለሳሉ።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። 16 ወንበሮች አሉን። ሰንሰለቱ የሚታሰረው ከመሃል 4 ሜትር ርቆ፣ ከመሬት 8 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከማሰሪያው እስከ ተሳፋሪው የክብደት ማዕከል 4 ሜትር ነው። አንድ ሰው 100 ኪሎ፣ ወንበሩና ሰንሰለቱ 20 ኪሎ ብለን እንያዝ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ቁጥሮቹ መንገዱን ለማሳየት የቀረቡ ናቸው፣ ለሥራ የሚሆን የመጨረሻ ንድፍ አይደሉም። ሰው የሚሳፈርበት ማሽን እንደ ኢኤን 13814፣ አይኤስኦ 17842 ወይም ኤኤስቲኤም ኤፍ 2291 ባሉ የመዝናኛ ማሽን ደህንነት ደረጃዎች መሠረት መሰላት አለበት። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አጣርቶ ሳይፈርምበት ደግሞ አንድም ብረት መቆረጥ የለበትም።

ደረጃ 1፦ ማዕዘኑን ወስኑ

ሞተር ገዝቶ «ስንት ዙር ይሰጠኛል?» ብሎ መነሳት ነገሩን ከጀርባ መጀመር ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው ሰንሰለቱ ከቁልቁል መስመሩ ምን ያህል ይከፈት የሚለው ነው። ለትንንሽ ልጆች 20 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ለአዋቂዎች 40 ዲግሪ ደስ የሚል በረራ ይሰጣል። እኛ 40ን እንውሰድ።

ቀመሩ አጭር ነው። የማዕዘናዊ ፍጥነቱን ካሬ በሬዲየሱ አባዙ፣ በ9.81 አካፍሉ። የምታገኙት የማዕዘኑን ታንጀንት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሬዲየሱን ነው። ሬዲየሱ የማሰሪያው 4 ሜትር ብቻ አይደለም፣ ሰንሰለቱ ሲከፈት የሚጨምረውም አለበት። በ40 ዲግሪ 4 ሲደመር 4 × 0.643፣ ማለትም 6.57 ሜትር ይሆናል። የ40 ዲግሪ ታንጀንት 0.839 ነው። ወደ ኋላ ስናሰላው ማዕዘናዊ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.12 ራዲያን ይመጣል። ይህም በደቂቃ 10.7 ዙር ነው። ተሳፋሪው በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል።

ቀመሩ ውስጥ ክብደት እንደሌለ ልብ በሉ። 30 ኪሎ ልጅም 100 ኪሎ ጎልማሳም ጎን ለጎን ቢቀመጡ በአንድ ማዕዘን ይከፈታሉ። ጄምስ ዋት በ1788 የእንፋሎት ሞተሩን ፍጥነት የተቆጣጠረባቸው ሁለቱ የሚዞሩ ኳሶችም የሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነት የሚፈጥረው አየር ነው። ባዶ ወንበር ቀላል ስለሆነ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ያንቀጠቅጠዋልም። በወንበሮች መካከል ክፍተት ስትተዉ ይህን አስቡ።

ደረጃ 2፦ ፍጥነቱ ቢያልፍ ምን እንደሚሆን አስሉ

በደቂቃ 8 ዙር ላይ ሰንሰለቱ 21 ዲግሪ ያህል ይከፈታል። 10.7 ላይ 40 ነው። 12 ላይ ደግሞ 48 ይደርሳል። ፍጥነቱ በ12 በመቶ ሲያልፍ ማዕዘኑ በ8 ዲግሪ ይጨምራል፣ ተሳፋሪውም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። አጥር፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ የአደጋ ቀጠናው የሚለካው በ10.7 ዙር ሳይሆን ከፍጥነት በላይ በሄደው ሁኔታ ነው። የክብደት ማዕከሉ 7 ሜትር ላይ ነው። እግር ከዚያ በላይ ይዘረጋል። እጅም አለ፣ ውዝዋዜም አለ። በዚህ ምሳሌ አጥሩን ከመሃል ከ9 ሜትር በታች አላቀርበውም።

ደረጃ 3፦ ሰንሰለትና ወንበር

የሰንሰለቱ ውጥረት ክብደቱ ለማዕዘኑ ኮሳይን ሲካፈል ነው። 120 ኪሎ በ40 ዲግሪ 1.54 ኪሎ ኒውተን ይሰጣል። ተሳፋሪው 1.3 እጥፍ የከበደ ያህል ይሰማዋል። ደግነቱ ይህ ኃይል በሰንሰለቱ አቅጣጫ ወደ ወንበሩ ይጫነዋል እንጂ ከወንበሩ አያወጣውም። መያዣው ብረትና በእግሮች መካከል የሚያልፈው ቀበቶ በዋናነት የሚያስፈልጉት ሰው ራሱ ተንሸራቶ ወይም ተነስቶ እንዳይወጣ ነው።

6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግሬድ 80 የማንሻ ሰንሰለት የሚበጠሰው 45 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ነው። ጠቅላላ ጭነቱ ከወንበሩ አራት ሰንሰለቶች በአንዱ ብቻ ቢያርፍ፣ ለድንገተኛ ንቅናቄም በእጥፍ ብናስበው፣ ከ14 እጥፍ በላይ መጠባበቂያ ይቀረናል። ታዲያ ሰንሰለት ለምን ይቀየራል? ስለሚበላ ነው። ቀለበቶቹ እርስ በርስ በሚፋተጉበት ቦታ ላይ ይሳሳል። ከመጀመሪያው ውፍረቱ 10 በመቶ ካጣ ሰንሰለቱ ሥራው አብቅቷል።

ከሰንሰለቱ ይልቅ የላይኛው ማሰሪያ ያሳስበኛል። ወንበሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። ሲነሳና ሲቆም ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ማሰሪያው በሁለቱም አቅጣጫ ካልታጠፈ የመጨረሻው ቀለበት በየጉዞው ይጠመዘዛል። ስለዚህ ሁለት ፒን ያለው መገጣጠሚያ ሥሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግሮ። ፒኖቹ ቡሽ ይኑራቸው፣ ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳም አይርሳችሁ። አራቱ ሰንሰለቶች የየራሳቸው ማሰሪያ ይኑራቸው። የትኛውም አንዱ ቢበጠስ ወንበሩ መገልበጥ የለበትም።

ደረጃ 4፦ ግማሹ ሲሞላ

16ቱም ወንበሮች እኩል ሲሞሉ ወደ ጎን የሚጎትቱት ኃይሎች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ምሰሶው የሚሸከመው ወደ ታች የሚጫነውን ብቻ ነው። አሁን ስምንት ትላልቅ ሰዎች በአንድ ወገን ተቀምጠው የቀረው ባዶ ነው እንበል። ጓደኛሞች አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ ስለሚወዱ ይህ በተግባር የሚያጋጥም ነገር ነው።

800 ኪሎው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ስለተበተኑ በ0.64 ይቀነሳል። ወደ ጎን የሚጎትተው 4.2 ኪሎ ኒውተን ነው። ኃይሉ የሚያርፈው 8 ሜትር ላይ ስለሆነ ምሰሶው እግር ላይ 34 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት (ኃይሉ በርቀቱ ተባዝቶ የሚያጎብጠው ጫና) ይፈጥራል። ክብደቱ ራሱ ደግሞ ከመሃል 4 ሜትር ላይ ተንጠልጥሎ ሌላ 20 ይጨምራል። በድምሩ 54 ኪሎ ኒውተን ሜትር።

መሠረቱን በዚህ ለኩ። የሚዞረው ፍሬም 1.5 ቶን፣ ምሰሶና እግሮች 2.5 ቶን ቢሆኑ ማሽኑ በዚህ ሁኔታ 50 ኪሎ ኒውተን ያህል ይመዝናል። መገልበጥን በ1.5 እጥፍ ለመቋቋም የእግሮቹ ጫፍ ከመሃል ቢያንስ 1.6 ሜትር መራቅ አለበት። ነፋስ ገና አልገባም። እኔ 3 ሜትር እሰጠዋለሁ። የነፋስ መለኪያም ይገጠምለት። ማሽኑ የሚቆምበትን የነፋስ ፍጥነት ዲዛይነሩ ይወስን እንጂ ለኦፕሬተሩ ግምት አትተዉት።

ደረጃ 5፦ ምሰሶውና ብየዳው

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ትልቁ ጥፋት የሚደበቀው እዚህ ነው።

የውጭ ስፋቱ 61 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ እንምረጥ። 54 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሲያርፍበት እግሩ ጋ የሚፈጠረው ጫና 19 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። ብረቱ በቋሚነት መታጠፍ የሚጀምረው 355 ላይ ነው። ይህን ያየ ሰው «በጣም ወፍራም ነው፣ እናቅጥነው» ይላል።

ግን ምሰሶው ቆሞ ጭነቱ እየዞረ ነው። ምሰሶው ላይ አንድ ነጥብ ምረጡና ተከተሉ። የሞላው ወገን በዚያ በኩል ሲያልፍ ነጥቡ ይጨመቃል። በተቃራኒው ሲሆን ይወጠራል። በአንድ ዙር ጫናው ከሲቀነስ 19 እስከ ሲደመር 19 ይሄዳል፣ ማለትም 39 ያህል ልዩነት። ይህ በሰዓት 640 ጊዜ ይደጋገማል። ማሽኑ በቀን 4 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢዞር በ10 ዓመት ከ7.6 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው።

ብረት በአንድ ጊዜ የሚችለውንና በሚሊዮን ጊዜ የሚችለውን አታምታቱ። በአውሮፓው የብረት ሥራ ደረጃ መሠረት ቱቦው ከታችኛው ላሜራ ጋር በጥግ ብየዳ ብቻ ከተያያዘ የብየዳው የድካም ምድብ (ተደጋጋሚ ጫናን የመቋቋም ደረጃው) 36 አካባቢ ነው። ከ5 ሚሊዮን ዙር በኋላ የሚችለው የጫና ልዩነት ወደ 26 ሜጋ ፓስካል ይወርዳል። የእኛ 39 ነው። ስለዚህ ያ «በጣም ወፍራም» የተባለው ምሰሶ እግሩ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁም ከውስጥ፣ ከብየዳው ሥር ይጀምራል። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ቀለም እንጂ ሌላ ነገር አይታየውም።

ምን ይደረግ? የቱቦውን ጠርዝ በሰያፍ ቆርጣችሁ ብየዳው ሙሉ ውፍረቱን ዘልቆ እንዲገባ አድርጉ። ከዚያም በአልትራሳውንድ ይመርመር። ቱቦውን ማስፋትም ይረዳል፣ ምክንያቱም ስፋቱ ሲጨምር ጫናው በካሬ ይቀንሳል። ማጠናከሪያ ብላችሁ እግሩ ላይ የሦስት ማዕዘን ላሜራዎችን ለመደርደር አትቸኩሉ። የላሜራው ጫፍ ራሱ ጫና ይሰበስባል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል። መብራትና ማስታወቂያ ለመስቀል ተብሎ ምሰሶው ላይ የሚበየድ ትንሽ ማንጠልጠያም እንዲሁ ነው። ከብየዳ ይልቅ በክላምፕ ይታሰር።

ደረጃ 6፦ ትልቁ ኩሽኔታ

የሚዞረውን ፍሬም ከምሰሶው ጋር የሚያገናኘው የቀለበት ኩሽኔታ ነው። በክሬን ላይ የምታዩት ዓይነት፣ ውጪው ጥርስ ያለው። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይችላል፦ ወደ ታች የሚጫን ክብደት፣ የጎን ኃይልና ገልባጭ ሞመንት። ስትመርጡ በክብደቱ ሳይሆን በሞመንቱ ምረጡ። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሞዴል የጭነት ግራፍ ይሰጣል። የእናንተ ነጥብ ከመስመሩ በደንብ ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት።

የሚቀመጥበት ላሜራ በማሽን ተስተካክሎ ይላግ፣ እሱም ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ። ብየዳ ብረትን ያጣምማል፣ ጠማማ መቀመጫ ላይ የታሰረ ኩሽኔታ ደግሞ በሁለት በሦስት ቦታ ብቻ ተሸክሞ ቶሎ ይበላል። የቡሎኖቹ የጥንካሬ ደረጃ 10.9 ይሁን፣ በቶርክ (የማዞር ኃይል) መፍቻ በተሻጋሪ ቅደም ተከተል ይጥበቁ። የተፈታ ቡሎን ተመልሶ አይታሰር። ከመጀመሪያዎቹ 100 የሥራ ሰዓታት በኋላ ጥብቀታቸው እንደገና ይታይ።

ደረጃ 7፦ ሞተርና ማርሽ

በቋሚ ፍጥነት የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። አየሩን ለመቅዘፍ ለ16ቱ ወንበሮች 2.7 ኪሎ ዋት ያህል ይበቃል። ሞተሩን የሚወስነው መነሳቱ ነው።

በ25 ሰከንድ ሙሉ ፍጥነት ላይ እንድረስ። ለምን 25? 4 ሜትር ሰንሰለት እንደ ፔንዱለም ሲወዛወዝ አንድ ምልልሱ 4 ሰከንድ ይፈጃል። ፍጥነቱ በ3 ወይም በ4 ሰከንድ ከተጫነ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ይቀሩና በኃይል ይወዛወዛሉ። 25 ሰከንድ ስድስት ምልልስ ስለሆነ ይረጋጋሉ።

ወንበሮቹ ተከፍተው ሲበሩ ጠቅላላ ኢነርሺያው (የፍጥነት ለውጥን የሚቃወምበት መጠን) 93,000 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ ያህል ነው። ይህን በየሰከንዱ በሚጨምረው ማዕዘናዊ ፍጥነት ብናባዛ 4.2 ኪሎ ኒውተን ሜትር ቶርክ እናገኛለን፣ በመጨረሻው ፍጥነት 4.7 ኪሎ ዋት መሆኑ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን ወንበሮቹ እየፈጠኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም እየተከፈቱ ነው። ኢነርሺያው ራሱ እያደገ ነው። ይህ ሲጨመር በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚያስፈልገው ቶርክ 8.6 ኪሎ ኒውተን ሜትር፣ ጉልበቱም 9.6 ኪሎ ዋት ይሆናል። ከእጥፍ በላይ! አየሩና የማርሹ ብክነት ሲደመሩ 14 ኪሎ ዋት እንጠጋለን።

ስለዚህ ሁለት 7.5 ኪሎ ዋት ሞተሮችን በተቃራኒ ጎን እተክላለሁ። ማርሾቹ ቀለበቱን ከሁለት ወገን ስለሚገፉት የጎን ግፊታቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል። አንዱ ሞተር ቢበላሽም ሌላው ሰዎቹን በዝግታ አዙሮ ያወርዳል። ሞተሩ በደቂቃ 1450 ይዞራል። 17 ለ 1 የሚቀንስ ካምቢዮ፣ ከዚያ 15 ጥርስ ያላት ማርሽ 120 ጥርስ ያለውን ቀለበት ስትነዳ ሌላ 8 እጥፍ ይቀንሳል። በድምሩ 136። ቀለበቱ በደቂቃ 10.66 ይዞራል፣ የፈለግነው ነው።

ሁለቱንም ሞተሮች በኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ንዱ። አነሳሱ ቀጥ ያለ መስመር አይሁን። ሲጀምርም ሊጨርስ ሲልም ለስለስ ይበል። መጨረሻው ሲለዝብ ያ ከፍተኛ የጉልበት ፍላጎትም ይወርዳል።

ደረጃ 8፦ ፍሬን

ጠንካራ ፍሬን ማለት ደህና ፍሬን ማለት አይደለም። የሚዞረው ፍሬም በ2 ሰከንድ ቢቆም ወንበሮቹ አይቆሙም። ወደ ፊት ይወረወራሉ፣ ከዚያ ወደ መሃል እየወደቁ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሰንሰለቶቹ የታሰሩበት ቦታ ላይ በወንበሮች መካከል ያለው ርቀት 1.57 ሜትር ነው። በበረራ 2.6 ይሆናል። ሲቆሙ ያ ክፍተት እየጠበበ ነው የሚመጣው።

በመደበኛው ጊዜ ኢንቨርተሩ በ20 እና 25 ሰከንድ መካከል ያቁመው። መብራት ሲጠፋ ግን በስፕሪንግ የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚለቅ ፍሬን ያስፈልጋል። በ10 ሰከንድ ገደማ ለማቆም ቀለበቱ ላይ 10.4 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይጠይቃል። በ136 ሲካፈል በሞተሩ ዘንግ ላይ 76 ኒውተን ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሞተር 38 ነው። ከዚህ የሚበልጥ ፍሬን «ለደህንነት» ብላችሁ አትግጠሙ። አንዱ ፍሬን ባይሠራ ሌላው በ20 ሰከንድ ያቆመዋል።

ደረጃ 9፦ ቁጥጥር

ፍጥነቱን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ይኑሩ፣ አንዱ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው ቀለበቱ ላይ። ልዩነታቸው ከሰፋ ወይ ማርሽ ተሰብሯል ወይ ሴንሰር ተበላሽቷል፣ ማሽኑ ይቁም። በደቂቃ 11.2 ዙር ካለፈም ይቁም። የአጥሩ በር ካልተዘጋ አይነሳም። ይህ ሁሉ በደህንነት ደረጃ በተሠራ መቆጣጠሪያ ይሂድ እንጂ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ አይሁን።

ደረጃ 10፦ ሰው ሳይሳፈር ፈትሹት

መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በአሸዋ ከረጢት ሞልታችሁ አዙሩት። ከረጢቶቹ በደንብ ይታሰሩ። ከዚያ በጣም አስፈላጊው ይመጣል፦ ስምንት ወንበሮች በአንድ ወገን ሞልተው ስምንቱ ባዶ። በሙሉ ፍጥነት እየዞረ የምሰሶው አናት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወዛወዝ ለኩ፣ ከሒሳባችሁም ጋር አስተያዩ። ከተሰላው በላይ ከሆነ መሠረቱ ወይም ቡሎኖቹ ላልተዋል።

ቀጥሎ በሙሉ ፍጥነት ላይ ዋናውን መብራት አጥፉ። ወንበሮቹ ሲቆሙ እንዳይነካኩ ከጎን በቪዲዮ ቅረጹ፣ በዝግታም ተመልከቱት። በመጨረሻ አንዱን ፍሬን አላቅቃችሁ ያንኑ ድገሙ።

ፍተሻው ሲያልቅ የምሰሶውን እግር ብየዳ በማግኔት ዱቄት ወይም ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በሚገባ ቀለም መርምሩ። የእያንዳንዱን ሰንሰለት የላይኛውን ቀለበት ውፍረት በካሊፐር ለኩና ከወንበሩ ቁጥር ጋር ጻፉት። በሚቀጥለው ምርመራ 10 በመቶው የሚታወቀው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው።